ቀኝ ጉንጬና ያልገባሁበት መቅደስ

ይህን የምጽፈው ጥርሱን ለማስነቀል ወረፋ ይዞ ለተቀመጠ ሰው ነው። ተነሥተህ ወደ ቤትህ ሂድ አልልህም፤ ጥርስህ የእውነት ተበልቶ ሊሆን ይችላል። ግን ሕመምህ ድንገት መጥቶ ድንገት የሚሄድ ከሆነ፣ ነፋስ ሲነካህ የሚነሣ ከሆነ፣ ሰው ጉንጭህን ሲስምህ የሚያስጮህህ ከሆነ፣ ጉጠቱ አፍህ ከመግባቱ በፊት "ምናልባት የፊት ነርቭ ይሆን?" ብለህ ጠይቅ። እኔ ይህን ጥያቄ የተማርኩት ሁለት ጤነኛ ጥርሶቼን አስረክቤ ነው።

ድኛለሁ ብዬ ግን አላታልልህም። የሕመም ታሪካቸውን የሚጽፉ ሰዎች መጨረሻ ላይ ይድናሉ፣ ፈጣሪያቸውን ያመሰግናሉ፣ ያዳናቸውን ሰው ስልክ ይሰጣሉ። እኔ የምሰጥህ ስልክ የለኝም።

ጽጌ እባላለሁ። ሮቤ ገበያ ዳር ክር፣ ቁልፍና ዚፕ የምሸጥባት ጠባብ ሱቅ አለችኝ። ሕመሙ የጀመረኝ በኅዳር፣ ነፋሱ ከሳነቴ ደጋ በሚወርድበት ሰሞን፣ የሱቄን በር ስከፍት ነበር። ከቀኝ ጆሮዬ ሥር የተነሣ ነገር እስከ ከንፈሬ ጠርዝ ሰነጠቀኝ። ቁልፉ ከእጄ ወደቀ። ሕመሙ ወዲያው ጠፋ፤ ጥርስ ነው ብዬ ተውኩት። እኩለ ቀን ላይ የጠፋች ደንበኛዬ "ጽጌዬ!" እያለች መጥታ ስትስመኝ፣ ገና የመጀመሪያዋን ቀኝ ጉንጬ ላይ እንዳሳረፈች ጮህኩ። ሴትዮዋ ደንግጣ ወደ ኋላ አለች።

"ምነው፣ ጠላሽኝ እንዴ?"

ልመልስላት አፌን ስከፍት ደገመኝ። ሳትገዛ ሄደች።

ሰላምታችንን ታውቀዋለህ። እኛ ሰላም የምንባባለው በጉንጭ ነው። ቀኝ፣ ግራ፣ እንደገና ቀኝ፤ የናፈቀ ሰው ከሆነማ ማብቂያ የለውም። ለቅሶም ሠርግም በጉንጭ ነው፣ እርቅም የሚጸናው በጉንጭ ነው። ጉንጩን የነሣ ሰው ወይ አኩርፏል ወይ ኮርቷል፣ ሌላ ምክንያት ማንም አይፈልግለትም። እኔም ሳላስበው ሮቤ ላይ ኩሩ ሆንኩ። ዕድር ላይ "ሱቅ ከፈተችና ሰው ናቀች" ተባለ። ሱቁን የከፈትኩት ከሕመሙ ብዙ ዓመት በፊት ነው፤ ግን ሐሜት ሒሳብ አይችልም።

የመጀመሪያው የጥርስ ክሊኒክ ወረፋ ስጠብቅ፣ በበሩ የሚገባውን ነፋስ ፈርቼ ነጠላዬን እስከ አፍንጫዬ ተከናንቤ ነበር። አግዳሚው ላይ አጠገቤ የተቀመጠች ሴት "ምንሽን ነው?" አለችኝ። ስናገር ስለሚነሣብኝ ዝም አልኩ። ደግማ ጠየቀችኝ። በእጄ ምልክት ሰጠኋት። ቀስ ብላ ፈንጠር አለች፤ ከእሷ ቀጥሎ ያለውም ፈንጠር አለ። ሳንባ ነቀርሳ መስያቸው መሆኑ የገባኝ አግዳሚው ለእኔ ብቻ ሲቀር ነው። እንደዚያ ቀን ተመቻችቼ ወረፋ ጠብቄ አላውቅም።

ባለሙያው መንጋጋ ጥርሴን በብረት መታ መታ አደረገው። ጮህኩ። "ይኸው ተገኘ" አለና ነቀለው። ሕመሙም ለጥቂት ሳምንታት ጠፋ። ይህ በሽታ ደስ ሲለው እንደሚሄድና ደስ ሲለው እንደሚመለስ አሁን አውቃለሁ፤ ያን ጊዜ ግን የነቀለኝን ሰው በየሄድኩበት መረቅሁት። ሲመለስብኝ ሌላ ክሊኒክ ሄጄ ከጎኑ ያለውን አስነቀልኩ። ጥርሱን በጥጥ ጠቅልለው ሰጡኝ። ባለቤቴ ግርማ ማታ መብራት ሥር አገላብጦ አየውና "ይህ እኮ ምንም የለበትም" አለ። ሁለታችንም ጥርሴን ተመለከትነው።

ከዚያ ሳይነስ ነው ተባልኩ፤ ከዚያ ጆሮ ነው ተባልኩ። ታይፎይድም ተብያለሁ፤ ታይፎይድ አለብህ ያልተባለ የባሌ ሰው ካለ እጁን ያውጣ። ያጠራቀምነው ሁሉ በየመድኃኒት ቤቱ አለቀ። ግርማ ክፉ ሰው አይደለም። ግን እየፈራኝ መጣ። አጠገቤ ሲቀመጥ በግራዬ ነው፣ ሲያወራኝ እንደተኛ ልጅ በሹክሹክታ ነው፣ በመጨረሻም እንዳይነካኝ ብሎ ወደ ግድግዳው ዞሮ መተኛት ለመደ። አንዴ የለመደውን ነገር ማስተው ደግሞ አቃተኝ።

የግርማ እህት አበበች የጥርሱን ነገር ስትሰማ "ይህ የሐኪም አይደለም" ብላ ጠበል ወሰደችኝ። በጠበል አምናለሁ፣ አሁንም አምናለሁ። ነገር ግን በባሌ ብርድ ማለዳ ላይ ከአለት የወረደ ውኃ እንዲህ ያለ ፊት ላይ ሲረጭ ምን እንደሚሆን አስበው። ከውስጤ የወጣው ድምፅ እኔኑ አስደነገጠኝ። ዙሪያዬን ያሉት ሰዎች ግን ደስ አላቸው።

"ጮኸ! ጮኸ!" አለ አንዱ።

"ማን ነህ? ተናገር!" አለኝ የሚያጠምቀው ሰው።

"ጽጌ ነኝ!"

"በስሟ እየተጠራ ነው፤ ድገሙበት!"

ደገሙበት። ቅን ሰዎች ነበሩ፤ ለእኔ ብለው ጾመው፣ በብርድ ቆመው ነው። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ጩኸቴ የእኔ መሆኑ ቀረ። ቤት ውስጥ ሲነሣብኝ አበበች የምትመልሰው ለእኔ ሳይሆን ውስጤ አለ ለምትለው ለእሱ ነበር። "አንተ፣ ልቀቃት!" ትለዋለች እኔን እያየች። አይዞሽ የሚለኝ ሰው በጠፋበት ቤት ሰይጣኑ እንኳ ከእኔ ይልቅ የሚያናግረው ነበረው።

በሽታዬን በስሙ የጠራው ጎባ ያገኘሁት አንድ ወጣት ሐኪም ነው። ገብቼ ስቀመጥ ነጠላዬን አየና "እህቴ፣ አይናገሩ። እኔ ልጠይቅ፣ እርስዎ ራስዎን ያወዛውዙ" አለኝ። ፊትዎን ሲታጠቡ ይነሣል? አዎ። ሲያኝኩ? አዎ። ነፋስ ሲነካዎ? አዎ። ቀጥሎ "ሰው ጉንጭዎን ሲስምዎስ?" አለኝ። አለቀስኩ። ከዚያ ሁሉ ነጭ ጋዋን መካከል ስለ መሳም የጠየቀኝ እሱ ብቻ ነበር። እንባው በቀኝ ጉንጬ ሲወርድ ደግሞ ያንኑ አስነሣብኝ።

ከአንጎል ወጥቶ ፊትን የሚያዳርስ ነርቭ አለ፣ አለኝ። አንዳንድ ሰው ላይ የደም ሥር እየተጫነው ሽፋኑ ይላጣል፤ ያን ጊዜ መነካትን ሁሉ ሕመም አድርጎ ይናገራል። ትራይጀሚናል ኒውራልጂያ ይባላል። ካርባማዜፒን የሚባል ኪኒን አዘዘልኝ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቆሎ ቆረጠምኩ፣ በቀኜም ጭምር። ከዚያ ኪኒኑ እያነሰኝ መጣ፤ ሲጨመርልኝ ደግሞ ራሴን ያዞረኝ ጀመር፣ ዚፕ የጠየቀኝን ሰው ቁልፍ እሰጠው ነበር። አዲስ አበባ ድረስ ሄድን። ቀዶ ሕክምና አለ፣ ይሳካም አይሳካም ይሆናል፣ ተመዝግበሽ ጠብቂ አሉኝ። አሁንም እየጠበቅሁ ነው። ያው ኪኒን ለሚጥል በሽታም ይሰጣል ለካ፤ አበበች ከመድኃኒት ቤት ሰምታ መጥታ "የደበቃችሁን ይህን ነው?" አለች። ሰይጣኑ ወጥቶ የሚጥል በሽታ ገባብኝ።

በዚህ ሁሉ መካከል ሰላምታዋን ያላጓደለችብኝ ጎረቤቴ አዴ ዘይነባ ናት፤ ከሱቄ ቀጥሎ ጨርቅ የምትሸጥ። በእነሱ፣ በባሌ ሙስሊሞች ዘንድ ሰላምታ እጅ መሳም ነው፤ አንዱ የሌላውን። ጠዋት ጠዋት ትመጣና እጄን ይዛ ትስማለች፣ እኔም እጇን እስማለሁ።

"አካም ጂርታ፣ ጽጌ? ዛሬስ?"

ራሴን አወዛውዛለሁ።

"ረቢ ሲ ሃ ፈይሱ። እሱ ይማርሽ፣ እህቴ።"

በቀን ውስጥ ሰው የሚነካኝ በዚህ ጊዜ ብቻ ነበር።

አሁን ወደ እናቴ ልምጣ። እናቴ አጋርፋ ነው የምትኖረው። ዓይኗን ግላኮማ፣ የዓይን ግፊት የሚሉት፣ ቀስ በቀስ ወስዶባታል። ጆሮዋም ስለደከመ ሰውን የምትለየው በድምፁ አይደለም። የመጣውን ሰው ስባ ትስመዋለች፣ ከዚያ ፊቱን በሁለት መዳፏ ይዛ ትዳብሰዋለች፣ ከዚያ ስሙን ትጠራለች። ተሳስታ አታውቅም። እኔ ከታመምኩ ወዲህ ግን ስሄድ ጉልበቷን ስሜ፣ እጇን ስሜ ቁጭ እላለሁ። እጇ ፊቴን ፍለጋ ሲመጣ ይዤ ጭኔ ላይ አስቀምጠዋለሁ።

"ማነሽ?" ትለኛለች።

"ጽጌ ነኝ፣ እማዬ።"

"ጽጌማ ትስመኛለች።"

ታምሜ ነው ብዬ ጆሮዋ ሥር ጮክ ብዬ አስረዳኋት፤ ጮክ ማለቱ ራሱ ዋጋ አስከፈለኝ። እሺ አለች። በሚቀጥለው ስሄድ ረስታዋለች። ለጎረቤቶቿ "ጽጌ አኩርፋኛለች፣ በእሷ ፈንታ ሌላ ሴት ትልክብኛለች" ትላለች ብለው ነገሩኝ። ከዚያ ወዲህ ከዚህ በሽታ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ሆነ። መዳኑ ይቅርብኝ፤ እናቴ ሳትሞት አንድ ቀን ፊቴን ዳብሳ በስሜ ትጥራኝ።

እትዬ አስቴርን ያገናኘችኝ ዘይነባ ናት። "ጎባ አንዲት ሴት አሉ፣ ከኢየሩሳሌም የመጡ። ሰው እያስተኙ ያሳርፋሉ። መድኃኒት አይሰጡም" አለችኝ። መድኃኒት አይሰጡም መባሉ ደስ አለኝ፤ ሄድኩ።

እትዬ አስቴር ስድሳውን ያለፉ ረጋ ያሉ ሴት ናቸው። ኢየሩሳሌምን ሊሳለሙ ሄደው አንዲት አሮጊት አይሁዳዊት ሲያስታምሙ ብዙ ዓመት ቀርተዋል። አሮጊቷ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ጋደም ብለው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ውስጣቸው ያለውን ቤተ መቅደስ ይጎበኙ ነበር። እትዬ አስቴርንም አስተማሯቸው።

"ካባላ ይባላል" አሉኝ። "የአይሁድ የውስጥ ጥበብ ነው። ጥንቆላ አይደለም፣ ሕክምናም አይደለም። ሥጋሽን ታሳርፊያለሽ፣ ከዚያ በሐሳብሽ ትሄጂያለሽ። የሐኪምሽን ኪኒን አቁሚ ያልኩሽ ቀን ሁለተኛ እንዳትመጪ።"

ፍራሽ ላይ ተጋደምኩ፤ ጋቢ ደረቡልኝ። ድምፃቸው ዝግ ያለ ነው። "አውራ ጣትሽን ልቀቂው። ቁርጭምጭሚትሽን ልቀቂው። ጉልበትሽ ይክበድ፣ መሬት ይሸከመው።" እንዲህ እያሉ ወደ ላይ ሲመጡ፣ ሆዴን፣ ደረቴን፣ ትከሻዬን ሲያልፉ፣ ፊቴ እየቀረበ ነው ብዬ ጥርሴን ነከስኩ። አንገቴ ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

"ፊትሽን እንለፈው" አሉ። "ፊትሽ ደጅ ይቆየን።"

ለዚህች ቃል ብቻ እስከ ዛሬ እወዳቸዋለሁ።

ከዚያ ስለ ዛፉ ነገሩኝ። በሰው ሥጋ ላይ እንደ ዛፍ የቆሙ ዐሥር ብርሃናት አሉ፤ ከራስ በላይ ዘውድ፣ ልብ ላይ ውበት፣ እግር ሥር መንግሥት። በቀኝ ምሕረት፣ በግራ ፍርድ።

"ምሕረት በየት በኩል ነው ያሉኝ?"

"በቀኝ።"

"እኔ የታመምኩት በቀኝ ነው።"

እትዬ አስቴር "እኔ ያስተማሩኝን ነው የምነግርሽ" አሉኝ። ያለ ቦታው ሲያጽናኑ ሰምቻቸው አላውቅም።

"አሁን ከፊትሽ መቅደስ አለ" አሉ። "ነጭ ድንጋይ ነው፣ ሁለት ምሰሶ አለው። በሩ ክፍት ነው። ግቢ።" ጸጥ አሉ።

"ገባሽ?"

"አልገባሁም።"

"ምን ከለከለሽ?"

"ሴት ነኛ፣ እትዬ!"

ሳቃቸው ሲመጣ ሰማሁት። ግን ምን ላድርግ? ነጭ ድንጋዩ አልታየኝም። የታየኝ የእኛው ደብር ነው፤ ክቡ ግድግዳ፣ ቆርቆሮው፣ ዙሪያውን ጽዱ፣ ጉልላቱ ላይ የሰጎን እንቁላሉ። ለእኔ መቅደስ ማለት ከቅኔ ማሕሌቱ አልፎ፣ ከቅድስቱ አልፎ፣ ከመጋረጃው ወዲያ ታቦቱ ያለበት፣ ካህናት ብቻ የሚገቡበት ነው። እንኳን ነቅቼ በሕልሜም ገብቼው አላውቅም። እትዬ አስቴር ዓይናቸውን እየጠረጉ "አሮጊቷ አገር እንዲህ ያለችኝ የለችም" አሉ። "እሺ፣ አዳራሽ በይው።" አዳራሽ አልኩት፤ የቀበሌ ስብሰባ መጣብኝ፣ የፕላስቲክ ወንበሩና አጀንዳው ሳይቀር። ቤት አልኩት፤ ያላጠብኩት ዕቃ ታየኝ። መቅደስ ከማለት በቀር መንገድ አልነበረም፤ መቅደስ ካልኩ ደግሞ ደጁ ላይ እቀራለሁ።

ወደ ንስሐ አባቴ ሄድኩ። በሐሳብ መግባት ኃጢአት ነው ወይ ብዬ ልጠይቃቸው።

"ካባ ምን አልሽኝ?" አሉኝ።

"ካባላ፣ አባቴ።"

"ካባማ እኛም አለን" አሉና ጢማቸውን አሻሹ። "አየሽ፣ የሌላ ሰው ጸሎት እንዳትጸልዪ። መጋረጃውንም በሐሳብሽም ቢሆን እንዳትገልጪ። ማረፉን ግን ዕረፊ። ደግሞስ እስከ ደጁ ማን ከለከለሽ? ቤተ ክርስቲያን ሳሚ አይደለሽም እንዴ?"

ሳሚ። ዕድሜ ልኬን ስባል የኖርኩት ቃል ነው። ቤተ ክርስቲያን የምትሄድን ሴት ቤተ ክርስቲያን ሳሚ ነው የምንላት። ደጁ ደርሳ በሩን፣ መቃኑን፣ ግድግዳውን ትስማለች። መቃኑን በእውን ከሳምኩት ግን ቆይቷል፤ ብርዱን ፈርቼ ከሩቅ ነበር የምሳለመው። በሚቀጥለው ቀን እትዬ አስቴር ጋ ተጋደምኩ፤ ጣቴን ለቀቅሁ፣ ጉልበቴን ለቀቅሁ፣ ፊቴን ደጅ አቆየሁ። ደብሩ መጣ። በሩ ላይ ቆምኩና ቀኝ ጉንጬን ወደ መቃኑ አስጠጋሁት። ሰውነቴ ተገትሮ ያን ነገር ጠበቀ። አልመጣም። ድንጋዩ ቀዝቃዛ ነበር፣ ቅዝቃዜው ጉንጬ ላይ ተሰማኝ፣ ቅዝቃዜ ብቻ ሆኖ ቀረ። ከታመምኩ ወዲህ ቀኝ ጉንጬን ነክቶ ያላሳመመኝ የመጀመሪያው ነገር የሌለ ድንጋይ ነው።

ለጎባው ሐኪሜ ነገርኩት። አልሳቀብኝም። "ነርቩን አይጠግነውም። ፍርሃቱን ግን ሊያሳርፍልዎ ይችላል" አለኝ። ልክ ነበር። የሕመሙ ቁጥር አልቀነሰም። ግን ሕመሙ ራሱ ጥቂት ቅጽበት ነው፤ ቀኑን የሚበላው አሁን መጣ፣ አሁን መጣ እያሉ መጠበቁ ነው። መጠበቁ ቀነሰልኝ። ማታ ማታ ትራሱ ይነካኝ ይሆን ብዬ ቁጭ ብዬ ማደሬን ተውኩ። ግርማም አንድ ቀን "ድምፅሽ ተመለሰ" አለኝ። ሰው ይህን አገኘሁ ብሎ ዝም ቢል ምን ነበረበት?

እኔ ግን ዝም አላልኩም። እትዬ አስቴር "ደጁ ላይ ማን እንዲመጣልሽ ትፈልጊያለሽ?" ሲሉኝ እናቴን ጠራኋት። መጣች። ነጠላዋን አጣፍታ፣ በእነዚያ ደረቅ እጆቿ መቃኑን እየዳበሰች መጥታ ፊቴ ላይ ደረሰች። ሁለቱን ጉንጬን ያዘች። "ጽጌ" አለች። በየጊዜው እዚያ ደጅ እየሄድኩ እናቴን አስዳበስኳት። አንድም ጊዜ አላመመኝም። በሐሳቤ የሆነው በእውንም ይሆናል የሚል ነገር ልቤ ውስጥ ገባ። ለእትዬ አስቴር ስነግራቸው ፊታቸው ተለወጠ። "እኔ እንዲህ አላልኩሽም፣ ጽጌ" አሉኝ። አላሉኝም። ተስፋውን ራሴው ነኝ የሠራሁት።

አንድ ቀን ማለዳ ኪኒኔን ውጬ አጋርፋ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። አጠገቤ ያለው ሰው መስኮት ሲከፍት ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ሳብኩና ጣቶቼን መልቀቅ ጀመርኩ። ግራና ቀኙ ስንዴ ነበር፤ አላየሁትም፣ ደጁ ላይ ነበርኩ። እናቴ ከቤቷ ፊት ለፊት መደብ ላይ ፀሐይ እየሞቀች አገኘኋት። ተንበረከክሁ። ጉልበቷን ስሜ ነጠላዬን ከፊቴ አወረድኩና እጇን ይዤ፣ በዚህ ጊዜ ወደ ጭኔ ሳይሆን፣ ወደ ጉንጬ ወሰድኩት።

ገባት። ፊቷ በራ። ሁለቱም መዳፎቿ መጡ፤ ደርቀው የሻከሩ፣ ፀሐይ ያሞቃቸው። አልመጣም። ግንባሬን ዳበሰች። ቅንድቤን ዳበሰች። አልመጣም። አውራ ጣቷ ወደ ቀኝ ከንፈሬ ጠርዝ ወረደ፣ አፏም ስሜን ለመጥራት ተከፈተ፣ "ጽ..." ስትል ሰማሁ።

ከዚያ መጣ። እንደዚያ ቀን መጥቶብኝ አያውቅም። ጩኸቴን ያ የደከመ ጆሮዋ እንኳ ሰማው። እጆቿን ሰብስባ ነጠላዋ ውስጥ ደበቀቻቸው።

"ይቅርታ፣ የኔ እመቤት" አለችኝ። "ዓይኔ አያይም። ልጄ መስለሽኝ ነው።"

"ጽጌ ነኝ፣ እማዬ!"

"ልጄ መስለሽኝ ነው" አለች ደግማ።

ጎረቤቶቿ እንደነገሩኝ ከዚያ ቀን በኋላ የማንንም ፊት አልዳበሰችም። እጇን ነጠላዋ ውስጥ አድርጋ "ሰው አሳምማለሁ" ትል ነበር።

አሁን ያለሁበትን ልንገርህ። ኪኒኔን እውጣለሁ፤ ሮቤ ሲጠፋ ጎባ፣ ጎባ ሲጠፋ አዲስ አበባ ሰው እልካለሁ። ክረምት ይሻለኛል፣ ነፋሱ ሲመጣ ይብስብኛል። የማኘክባቸው ቀናትም አሉ፣ እነሱን ማገገም እላቸዋለሁ፤ የማላኝክባቸውንም ስም ሳልሰጥ አሳልፋለሁ። እትዬ አስቴር ጋ እሄዳለሁ። አንተም የሚያሳርፍህን ሰው ካገኘህ ዕረፍ፣ ዕረፍት ቀላል ነገር አይደለም። ብቻ ዕረፍቱን መዳን ነው ብለህ ሌላ ሰው እጅ ላይ እንዳትሞክረው።

እናቴ ያረፈችው ክረምቱ ሲገባ ነው። አጋርፋ ስደርስ ሴቶቹ አጥበዋት፣ ሊገንዟት ፊቷና እጇ ብቻ ቀርተው ነበር። ደጅ ላይ የቆሙት ዘመዶች ሊስሙኝ ሲመጡ በእጄ እየገፋሁ ገባሁ፤ ኩራቷ እዚህም አልለቀቃትም ሲባል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አበበችም ነበረች። እናቴ አጠገብ ተቀመጥኩ። የሚጠራ ስም እንደሌለ አውቃለሁ፣ ግን እጇ ገና አልተገነዘም ነበር። ከነጠላው አወጣሁት። ቀኝ ጉንጬ ላይ አድርጌ በሁለት እጄ ያዝኩት። ቀዝቃዛ ነበር፣ እንደዚያ መቃን።

መጣ። እጇን ግን አልለቀቅሁም። እስኪበቃው ጮህኩ።

ማንም ምን ሆነሽ አላለኝም። ማን ነህ ብሎ የጠየቀኝም የለም። ሴቶቹ "ይውጣልሽ፣ ይውጣልሽ" እያሉ አብረውኝ ጮሁ። አበበች ከኋላዬ አቅፋኝ "እህቴን!" ብላ አለቀሰች። ቀብር መልስ ድንኳኑ ውስጥ፣ ኩሩ ሲሉኝ የኖሩት ሰዎች እርስ በርስ ሲነጋገሩ ሰማኋቸው። ለእናቷስ አለቀሰች፣ አሉ። ጥሩ አድርጋ አለቀሰች።

አላረምኳቸውም።